በእንጨት ሐውልት ላይ ያለው ወርቀ ዘቦ ጨርቅ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጀርመን ነው፤ በትርፍ ጊዜዬ እንጨት እቀርጻለሁ። ሙዚየም ውስጥ ከ15ኛው መቶ ዓመት የቀረ የእመቤታችን የእንጨት ሐውልት አየሁ። ካባዋ ቁርጥ ወርቀ ዘቦ ነው፤ ክሩ ሳይቀር ይታያል። አንዱ ጓደኛዬ እውነተኛ ጨርቅ በሙጫ ለጥፈው ነው ወርቅ የቀቡት አለኝ። ሌላው ደግሞ ቀራፂው በመሮ የጫረው ነው ይላል። የቱ ነው ልክ? እኔም አርባ ሳንቲሜትር በምትሆን ምስል ላይ ልሞክረው አስቤያለሁ። ወርቃማ ስፕሬይ ገዝቻለሁ፤ ጌጡን በስቴንስል፣ ማለትም ጌጡ ተቆርጦ በወጣበት ወረቀት ላይ ቀለም እየረጨሁ አወጣዋለሁ። ይሆናል?»

ሁለቱም ጓደኞችዎ ተሳስተዋል። ካባው ላይ የተለጠፈ ጨርቅ የለም፤ ጌጡን የሠራውም ቀራፂው አይደለም። ያዩት የሠዓሊ እጅ ነው። ከእንጨቱ በላይ ጠመኔ ወይም ጀሶ አለ፤ ከዚያ ቀይ ሸክላ፣ ከዚያ ወርቅ፣ ከዚያ ቀለም። አንዳንዱ ላይ ደግሞ በመሃል ስስ የቆርቆሮ (የለስላሳ ነጭ ማዕድን) ቅጠል ይገባል። ስፕሬዩ አይሆንም። ስቴንስሉም ብቻውን የትም አያደርስዎትም። ለምን እንደማይሆን የሚገባዎት ግን የድሮዎቹ ባለሙያዎች ምን ሊያደርጉ ይሞክሩ እንደነበር ሲያውቁ ነው።

የጨርቁ ወሬ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በብዙ የመካከለኛው ዘመን ሐውልቶች ላይ እውነተኛ የተልባ እግር ጨርቅ ይገኛል። ግን ያለው ከሥር ነው። እንጨት ይሰነጠቃል። ሁለት ቁራጭ የተጋጠመበት ቦታ ይከፈታል፤ ጉጥ ያለበት ቦታም እረፍት የለውም። ስለዚህ እዚያ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ጨርቅ በሙጫ ይለጥፉና ጠመኔውን ከላዩ ይቀቡታል። ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ቀለሙ ሲረግፍ ጨርቁ ብቅ ይላል። ያንን ያየ ሰው «ካባው ጨርቅ ነበር» ቢል አይፈረድበትም። የጨርቁ ሥራ ግን ስንጥቅ መያዝ ነው እንጂ ልብስ መሆን አይደለም።

ቀራፂውና ሠዓሊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። በየከተማው የሙያ ማኅበራት ነበሩ፤ ማን ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ቤልጅየም ውስጥ አንትወርፕ ከተማ የተሠሩ የመሠዊያ ቅርጾችን ቀረብ ብለው ቢያዩ፣ እንጨቱ ላይ የተመታ እጅ የሚመስል ትንሽ ምልክት ሊያገኙ ይችላሉ። እንጨቱ ተመርምሮ አልፏል ማለት ነው። የወርቁና የቀለሙ ሥራ ሲያልቅ ሌላ ምልክት ይመታል፤ እሱ ላይ ግንብ አለበት። ቀለም ማልበስ የበታች ሥራም አልነበረም። ስመ ጥሩው ሠዓሊ ያን ቫን አይክ በ1435 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የብሩዥ ከተማ አዳራሽ ሐውልቶችን ቀለምና ወርቅ አልብሶ ተከፍሎበታል። ፈረንሳይ ውስጥ ዲዦን አጠገብ ቀራፂው ክላውስ ስሉተር ከድንጋይ የቀረጻቸውን ነቢያት ቀለም ያለበሳቸው የቡርጎኝ መስፍን ሠዓሊ ዣን ማሉኤል ነው። ስፔን ውስጥ ቡርጎስ አጠገብ ባለው የሚራፍሎሬስ ገዳም ትልቁን የመሠዊያ ግድግዳ ጊል ደ ሲሎኤ ቀረጸው፤ ከ1496 እስከ 1499 በተሠራው በዚህ ሥራ ወርቁና ቀለሙ የዲዬጎ ዴ ላ ክሩዝ ነው።

ጀርመን ስላሉ ሙነርሽታት የሚባለውን ከተማ ታሪክ ልንገርዎት። ቀራፂው ቲልማን ሪመንሽናይደር ከ1490 እስከ 1492 ለከተማው ቤተ ክርስቲያን የመሠዊያ ቅርጽ ሠራ። ያስረከበው እንጨቱን ሙሉ ቀለም ሳያለብሰው ነው። ዛሬ እኛ ሙዚየም ገብተን ያልተቀባ እንጨቱን ነው የምናደንቀው። የከተማው ሰዎች ግን ከአስር ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1504 ፋይት ሽቶስን ቀጥረው ቀለምና ወርቅ አስለበሱት። ሽቶስ ራሱ ስመ ጥር ቀራፂ ነበር፤ ፖላንድ ውስጥ ያለውን የክራኮቭን ግዙፍ የመሠዊያ ቅርጽ የሠራው እሱ ነው። እንግዲህ ቀለም ማለት ለእነሱ ምን እንደነበር ከዚህ ይረዱት። ያልተቀባ ሐውልት ለብዙው ምእመን ገና ያላለቀ ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ። ሠዓሊው ከአእምሮው የፈጠረውን ጌጥ አይደለም ካባው ላይ ያሰፈረው፤ የሚያውቀውን ጨርቅ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክርስቲያኑም የሚመኘው ከቬኒስ፣ ከፍሎረንስ፣ ከጄኖቫ የሚመጣ የሐር ከፈይ ነበር። ጌጡ ትልቅ የሮማን ፍሬ ይመስላል፤ ዙሪያውን ቅጠልና ጠመዝማዛ ግንድ ይከበዋል። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ደግሞ ከሞንጎሎች ግዛት የሚመጣ፣ በትናንሽ ቅጠሎች የተሞላ የወርቅና የሐር ጨርቅ ነበር ፋሽኑ። የወርቁ ክር ራሱ ሙሉ ወርቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ በወርቅ የተለበጠ ስስ የብር ጥብጣብ ነው፤ በሐር ክር ላይ ይጠመጠማል። ሸማኔው ያንን ነው በድሩ መሃል የሚያስገባው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሐውልት ስላልተለመደ ጥበቡ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ጨርቁን ግን እናውቀዋለን። በክብረ በዓል ቀን የካህናቱ ካባና ጥላው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ልብ ብለው አይተውታል? ከፈዩ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። የወርቁ ክር ደግሞ መልሶ ይረጨዋል። የለበሰው ሰው አንድ እርምጃ ሲራመድ ነጸብራቁ ከቦታ ቦታ ይዘላል። የመካከለኛው ዘመን ሠዓሊ የፈለገው ይህንን ነው። የጨርቅ ሥዕል አልፈለገም። የሻማ ብርሃን ሲነካው ጨርቅ የሚያደርገውን የሚያደርግ ነገር ነው የፈለገው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወስነው ጌጡን አይደለም። የቱ ጋ ያብረቅርቅ፣ የቱ ጋ ይፍዘዝ፣ የቱ ጋ ክር ክር ይበል፤ መጀመሪያ የሚወስነው እሱን ነው። እርስዎም ከዚህ ካልተነሱ ጌጡ የፈለገውን ያህል ቢያምር ካባው የግድግዳ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

መሠረቱ የተወለወለ ወርቅ ነው። እንጨቱ መጀመሪያ ሙጫ ይጠጣል። ሰሜን አውሮፓ ከሆነ ጠመኔ፣ ጣሊያን ወይም ስፔን ከሆነ ጀሶ፣ ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ እየተለወሰ ደጋግሞ ይቀባል። ሲደርቅ እስኪለሰልስ ይፋቃል። ከዚያ በጣም የላመ ቀይ ሸክላ ይከተላል። ሸክላውን በውሃ አርጥበው የወርቁን ቅጠል ያሳርፉበታል። ዛሬ የምንገዛው የወርቅ ቅጠል ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አስር ሺኛ ያህል ነው፤ ትንፋሽ ይበቃዋል ለመብረር። የድሮው ትንሽ ወፈር ይል ነበር። እርጥበቱ መጠጥ ሲል ወርቁ በለስላሳ ነገር ይወለወላል። በ1400 ገደማ የጻፈው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ ለዚህ ሥራ ሥጋ የሚበላ እንስሳ ጥርስ ይሆናል ይላል፤ የውሻም፣ የተኩላም፣ የድመትም፣ የአንበሳም። እኛ ዛሬ አጌት በሚባል ድንጋይ ነው የምንወለውለው። ሸክላው ከሥር ተጨምቆ ሲተኛ ወርቁ ሙሉ ብረት የሆነ ይመስላል። ቀይነቱም ከሥር ሞቅ ያለ ቀለም ይሰጠዋል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። አንዱን መንገድ ረዘም አድርጌ ልንገርዎት፤ ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነው። ያን ሁሉ የተደከመበትን ወርቅ ሙሉ በሙሉ በቀለም ይሸፍኑታል። ቀለሙ በእንቁላል አስኳል የተበጠበጠ ነው። ጌጡ ወረቀት ላይ ይሳልና መስመሩ በመርፌ ይበሳል። ወረቀቱን ካባው ላይ አድርገው፣ የከሰል ዱቄት በጨርቅ ቋጥረው መታ መታ ያደርጉታል፤ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ጌጡን ያወጣዋል። ከዚያ በሹል እንጨት ወይም አጥንት ቀለሙን ይጭራሉ። ከሥር ወርቁ ብቅ ይላል። ብረት አይነካም፤ ብረት ወርቁን ይዞት ይሄዳል። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ቀለሙ በጣም ከደረቀ እየተሰባበረ ይነሳል፤ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ይለጠጣል።

የተጫረውን ቦታ በቅርብ ሲያዩት ነው ሰዎቹ ምን ያህል ጨርቅ እንደሚያውቁ የሚገባዎት። ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ቀለም ጠርገው አያወጡትም። በትይዩ መስመሮች ነው የሚጭሩት፤ አንድ መስመር ወርቅ፣ አንድ መስመር ቀለም፣ እንደገና ወርቅ። እያንዳንዷ መስመር አንድ ክር ናት። መስመሮቹም ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ማግ ሲገባ ወደ አንድ አቅጣጫ ነውና። ሙሉ ለሙሉ የተገለጠ ወርቅ ካለም በጥቃቅን መምቻ ነጥብ ነጥብ ያደርጉታል። ነጥቧ ብርሃኑን ትሰብረዋለች። ያኔ ወርቁ ልሙጥ ብረት መምሰሉ ይቀርና ጥልፍ ይመስላል። ከሁለት ሜትር ሲያዩት መስመሩም ነጥቡም አይለይም። የሚታየው ሐር ነው። ይህ ሥራ ስፔን ውስጥ እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ በስፋት ዘልቋል።

ሌላው መንገድ አጭር ነው። በወርቅ ፋንታ የብር ቅጠል ያሳርፉና ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ከላዩ ይቀባሉ። ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ ብሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል፤ የሚያብረቀርቅ ሐር ይመስላል። ችግሩ ብር ይጠቁራል። ከመዳብ የተሠራው አረንጓዴም እየቆየ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ሙዚየም ውስጥ ቡናማ ገበር ያለው ልብስ ካዩ፣ ድሮ አረንጓዴ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። ለከፈይ ደግሞ ሰማያዊው አዙራይት ማዕድን ጎርበጥ ተደርጎ ተፈጭቶ በሙጫ ይቀባል። ምንም አያብረቀርቅም፤ የከፈይ ጸጉር የሚመስለውም ለዚህ ነው።

እርስዎ ያዩት ሐውልት ላይ ክሩ ጎላ ብሎ በእጅ የሚዳሰስ መስሎ ከታየዎት፣ የተሠራው ከዚህ ሁሉ በተለየ መንገድ ሊሆን ይችላል። ከ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በደቡብ ጀርመን፣ በፍላንደርስ፣ በስፔንና በስካንዲኔቪያ የተስፋፋ ዘዴ ነው። ጠፍጣፋ ቅርጽ ማውጫ ላይ የጨርቁ ጌጥ ወደ ውስጥ ይቀረጻል። የወርቁ ክር በሚገባበት ቦታ ሁሉ ቀጫጭን ትይዩ ቦዮች ይጫራሉ፤ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ አስርና ከዚያ በላይ የሚቆጠሩባቸው አሉ። ማውጫው ላይ ስስ የቆርቆሮ ቅጠል ይነጠፍና ተመትቶ እንዲገባ ይደረጋል። ቆርቆሮ ስል ጣሪያ የምንከድንበትን ብረት አይደለም፤ ለስላሳውን ነጭ ማዕድን ነው። ልጆች ሆነን የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን የብር ወረቀት ሳንቲም ላይ አድርገን በጥፍራችን ስንፈትገው የአንበሳው ራስ ይወጣ አልነበር? መርሁ ያው ነው። ከዚያ ጎድጓዳው ጀርባ በሙጫና በጠመኔ ወይም በሰምና በዛፍ ሙጫ ድብልቅ ይሞላል፤ እንዳይጨፈለቅ። ሲጠነክር ከማውጫው ይነሳል፤ ሐውልቱ ላይ ይለጠፋል፤ ወርቅ ይለብሳል። ክሮቹ ወርቅ ሆነው ሲቀሩ መደቡ በቀይ፣ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ይቀባል። ባየርን ውስጥ ቴገርንዜ ከሚባለው ገዳም በ1500 ገደማ የተጻፈ የሙያ መጽሐፍ ይህንን አሠራር መዝግቦ አቆይቶልናል።

የዚህ ዘዴ ውበት እውነተኛ ቦይ መኖሩ ነው። ሻማው ሲንቀሳቀስ ጥላው በየቦዩ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። አንድ ማውጫ ከተቀረጸም ለብዙ ሥራ ያገለግላል። ዛሬ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ጌጥ በተለያዩ ሐውልቶች ላይ ሲያገኙ፣ ከአንድ ቤት የወጡ መሆናቸውን የሚጠረጥሩት በዚህ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ቅጠሉ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። ጥልቅ እጥፋት ውስጥ ገብቶ አይታጠፍም። ስለዚህ ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ይለጥፉታል፤ እጥፋቱ ጋ ሲደርሱ ይቆርጡታል። ብዙ ጊዜ ጌጡ እጥፋቱን ከቁብ ሳይቆጥር ቀጥ ብሎ ያልፋል። አንድ ሰው ይህንን አይቶ ሠዓሊው አላዋቂ ነበር ቢልዎት አይቀበሉት። ሐውልቱ መሠዊያ ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከሥር የሚጸልይ ሰው የሚያየው የካባውን ክብር ነው። ሌላው ጉድለት ዕድሜ ነው። ቆርቆሮው ይበላል፤ የሰሙ ድብልቅ ሙቀት አይችልም። ብዙው ዛሬ ግራጫና ቡናማ ቅርፊት ሆኖ ነው የቀረው። ያላወቀ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይፍቀዋል፤ ብዙም ተፍቋል።

ስለዚህ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጀርመን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ የተቀባ አሮጌ ሐውልት ቢያገኙ ውሃም አልኮልም እንዳያስነኩት። በሸክላ ላይ ያረፈ ወርቅ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታሽ ይነሳል። ያየዎት ሁሉ «ትንሽ ብቻ ጠረግ አድርገው» ሊልዎት ይችላል፤ እምቢ ይበሉ። ራዲያተር አጠገብም አያስቀምጡት። የሚነካው የጥገና ባለሙያ ብቻ ነው።

ወደ እርስዎ ሥራ ስንመለስ፣ ስፕሬዩ የማይሆነው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። እንዲህ ያለው ቀለም ውስጥ የመዳብና የዚንክ ዱቄት ሊኖር ይችላል፤ እሱ ከዓመታት በኋላ ይጠቁራል ወይም ይቆሽሻል። ዋናው ችግር ግን ዱቄት አይወለወልም። ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል። የሚያብረቀርቀውና የሚፈዘው ቦታ ካልተለየ ደግሞ ጨርቅ የለም። ስቴንስል የመካከለኛው ዘመን ሰዎችም ተጠቅመውበታል፤ ግን ተደጋጋሚ ለሆነ ቀላል ጌጥ። ክር አይሰጥም።

የምመክርዎት አንድ መንገድ ነው፤ በተወለወለ ወርቅ ላይ ቀለም ቀብቶ መጫር። የቆርቆሮውን መንገድ ይተዉት። ለአርባ ሳንቲሜትር ምስል በጣም ወፍራም ይሆናል፤ እጥፋቶችዎንም ይደፍንብዎታል። መጀመሪያ ምስሏን አይንኩ። መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ እንጨት ወስደው ከሙጫው እስከ መምቻው ያለውን ሁሉ እዚያ ላይ ይሥሩት። አንዱ ሰሌዳ ሲበላሽ ሌላ ይውሰዱ። ጠመኔው ሲፋቅ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ ማስክ ያድርጉ። ከድሮ መጻሕፍት የእርሳስ ነጭ ወይም የአርሴኒክ ቢጫ የሚል ቢያገኙ አይከተሉት፤ መርዝ ናቸው። የዛሬው ቀይና ሰማያዊ የዱቄት ቀለም ከአስኳል ጋር በደንብ ይሠራል።

ጌጡ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ልኩን ነው። የእውነተኛው ከፈይ ሮማን ከሰው ደረት ሊሰፋ ይችላል። በትንሽ ምስል ላይ በዚያው ምጣኔ ከሠሩት ካባው ላይ ሁለት ሮማን ብቻ ይታያል። በጣም ካሳነሱት ደግሞ መጫሪያው አይገባበትም። ለእርስዎ ምስል አራት ሳንቲሜትር ያህል ቁመት ያለው አንድ ጌጥ ይበቃል፤ እሱን ይደጋግሙት። የክሩ መስመሮች ሁሉ ወገቧ ላይም ጫፉ ላይም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂዱ። እጥፋቱ ውስጥ ጌጡን ለማስገባት አይታገሉ፤ ጥልቁን በድፍን ቀለም ይለፉት። ጎልተው የወጡት ጀርባዎች ላይ ግን አይቆጥቡ፤ ብርሃን የሚያርፈው እዚያ ነው። የካባው ጠርዝ ላይ ጣት የማይሞላ ወርቃማ ጥለት ያውጡና በነጥብ መምቻ ብቻ ይሙሉት፤ አይጫሩት። ገበሩን በሙጫ በተለወሰ ድፍን ሰማያዊ ይቅቡት፤ አይወልውሉት፣ ምንም ጌጥም አያስገቡበት።